ስም ያለው ሻጭ

ሊድያ ዊንጌት ሰፈር ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤቷ ስታቀና ጎረቤቷን ጋሽ ስብሐትን አንድ መድኃኒት ቤት በራፍ ላይ ትክዝ ብለው አገኘቻቸው። ጋሽ ስብሐት ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ደሳለች ከታመሙ ወዲህ አልጋ ላይ በመዋላቸው ጀርባቸው መቁሰል ጀምሯል፤ ሐኪሙም በአየር የሚሞላ ፍራሽ አዞላቸዋል።

"ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀምሬ ያልጠየቅሁበት የለም፤ በኢንተርኔት ይገኛል አሉኝ። እባክሽ ልጄ፣ አንቺ እዘዢልኝ።"

የሊድያ ፊት ጠቆረ። "ጋሼ፣ እኔ እንኳ ሁለተኛ በኢንተርኔት ላልገዛ ምዬአለሁ።"

ኮምፒውተር የተማረች ልጅ እንዲህ ስትል ቢገርማቸው ምክንያቱን ጠየቋት። ለፋሲካ ለእናቷ ቀሚስ አዝዛ ከከፈለች በኋላ ሻጩ ስልኩን ዘግቶባት ቀርቷል። "ለማንም አልተናገርኩም። ተምሬ እንዲህ መሞኘቴ... በቃ፣ አፈርኩ።"

"ሊያፍርስ የሚገባው እሱ ነው" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን አለስልሰው። "ለመሆኑ ስሙ ማን ነበር? አድራሻውስ?"

"አልጠየቅሁም።"

"እንግዲህ ሕጉ በኢንተርኔት የሚነግድ ሰው ማንነቱንና አድራሻውን እንዲገልጽ ያዛል። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበትም ገዢው በጊዜው የማስለወጥ ወይም ገንዘቡን የማስመለስ መብት አለው።"

"ሕግማ ወረቀት ላይ ነው፤ ለእኔ ማን ደረሰልኝ?"

"እውነትሽን ነው፤ ወረቀት ብቻውን እግር የለውም። ግን ስሙ የማይታወቅ ሰው የፍርድ ቤት መጥሪያ አይደርሰውም። እኔ በሥራዬ ያየሁት፣ ሰው ደፍሮ የሚገበያየው አታላይ ስለጠፋ አይደለም፤ ቢበደል የሚሄድበት ስላለው ነው።"

ሊድያ ወዲያው አላመነችም። የእትዬ ደሳለች ሕመም ግን ክርክር የሚያስረዝም አልነበረም። እዚያው መድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው በሊድያ ስልክ ፈለጉ። ሁለት ሻጮች ከስልክ ቁጥር በቀር ምንም አልጻፉምና አለፏቸው። ሦስተኛዋ፣ ሠርካዲስ የምትባል ነጋዴ፣ ስሟን፣ የሱቋን አድራሻ፣ የንግድ ፈቃዷንና የመመለሻ ደንቧን አስፍራለች። ከእሷ አዘዙ፤ ደረሰኙንም አስቀመጡ።

ፍራሹ በሦስተኛው ቀን መጣ። አየር መሙያው ግን አልሠራም። ሊድያ እንባዋ መጣ። "ነግሬዎት ነበር ጋሼ! እትዬን ጉድ ሠራኋቸው!"

"አታልቅሺ፤ ለሻጯ ጻፊ" አሏትና የተገዛበትን ቀን፣ ጉድለቱን፣ የእትዬን ሕመምና ይለወጥልን የሚለውን ቃል በቃል አስጻፏት።

ሊድያ መልእክቱን ልካ ስልኩ የሚዘጋባት መስሏት ጠበቀች። ሰዓት ሳይሞላ ሠርካዲስ ራሷ ደወለች። "ይቅርታ፤ ሳልፈትሽ መላኬ ጥፋቴ ነው። ሕመምተኛዋ እንዴት ናቸው?" በማግስቱ ጠዋት ሌላ መሙያ ላከች፤ ሠራም።

ከዚያ ወዲህ ሊድያ መታለሏን ሳትሸሽግ ለመንደሩ ሰው ትናገራለች፤ ሻጩን እወቁ፣ ማስረጃ ያዙ፣ ዕቃውን ወዲያው ፈትሹ ትላለች። ያንን የቀሚስ ሻጭ ስልክ ቁጥር ይዛም ፖሊስ ጣቢያ አመልክታለች፤ መልሱ ገና አልመጣም። መብቱን የሚያውቅ ገዢ ሲበዛ ደካማው ሳይንከራተት የሚሻውን ያገኛል፤ ሐቀኛው ነጋዴም ከአታላዩ ጋር አንድ ላይ አይወቀስም።

መሙያው ከተለወጠ ከሳምንት በኋላ እትዬ ደሳለችን ልትጠይቅ ስትገባ ጋሽ ስብሐት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። "ደህና አደሩ እትዬ?" አለች።

እትዬ ደሳለች ፈገግ አሉ። "ዛሬስ፣ ጀርባ እንዳለኝም ረስቼው አደርኩ።"