የአቅላሚው እጅ

ዝናቡ ባይዛት ኖሮ ነርሷ ወደ አጎቷ ጨርቅ ማቅለሚያ ጎራ ባላለች ነበር። አቅላሚው ከእንፋሎቱ መሐል ብቅ ስትል ሲያያት ሕልም መሰለው፤ ሟች እህቱን ቁርጥ ነበረች።

"ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ። የእትዬን እግር አጥቤ ልምጣ።"

እሳት ላይ ከተጣደው በርሜል የቀዳውን ውሃ እጁን ነክሮ ሞከረና "ለብ ብሏል" አለ። ነርሷ ጣቷን ብትነክር "ውይ!" ብላ መንጭቃ አወጣችው።

"ጋሼ፣ ይህ እኮ ሥጋ ይልጣል!"

"አርባ ዓመት ከፈላ ውሃ ጨርቅ ያወጣ እጅ አይሳሳትም። ደግሞስ ባለእግሯ ደህና ነው ካለች አንቺ ምን ቤት ነሽ?"

የአቅላሚውን ሚስት፣ እትዬን፣ ስኳር በሽታ ከያዛት ወዲህ እግሯ ደንዝዟል። ተረከዟ ላይ የወጣው ቁስል አልደርቅ ብሎ፣ ሐኪሙ ከባሰ እግሩ ይቆረጣል ብሏል። አቅላሚው ጠዋት ማታ የሚያጥባት ይህን ፈርቶ ነው። ምስኪን፣ ያዳነ እየመሰለው ያቆስላት ነበር።

ነርሷ ክርክሩን ትታ ሦስት ሳህን ውሃ ደረደረች። "ግራ እጅዎን ከቀዝቃዛው፣ ቀኝዎን ከሙቁ ያቆዩልኝ።" ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የተሰጣው ጨርቅ ቀለሙን ጠብ ሲያደርግ፣ አቅላሚው እንቅልፍ እንቅልፍ አለው። "አሁን ሁለቱንም ለብ ካለው ከመሐለኛው።"

ሁለቱንም ነከረ።

"አንዱ ሞቀኝ ይላል፣ አንዱ በረደኝ! ውሃው አንድ አይደል እንዴ?"

"አንድ ነው። እጅ የሚነግረን ከለመደው ምን ያህል እንደተለየ ነው እንጂ የውሃውን ልክ አይደለም። ቆዳ ወሬ ያቀብላል፣ አንጎል ይፈርዳል። የእርስዎ ወሬ አቀባይ ግለቱን ለምዶ ዝም ብሏል፤ ዳኛው በምን ይፍረድ?"

"እሷስ? ደህና ነው ትለኛለች።"

"እስኪ ራሳቸውን ይጠይቋቸው።"

ወደ ጓዳ ገባ። እትዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዝናቡን ታዳምጣለች።

"እውነቱን ንገሪኝ፤ ውሃው ይሰማሻል?"

"ካልተሰማኝማ ዓመት አለፈኝ።"

"ታዲያ ደህና ነው የምትዪኝ በምን አውቀሽ?"

"ፊትህን አይቼ ነዋ። ስታጥበኝ ደስ ይልሃል፤ እንዴት ላስከፋህ?"

አቅላሚው እግሯን አቅፎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ውሃው በሙቀት መለኪያ ይለካል፣ የእትዬ እግርም በየቀኑ በዓይን ይታያል። ቁስሉ በሁለት ወር ደረቀ፤ እግሩም ከመቆረጥ ተረፈ። መለኪያው ለማቅለሚያውም ጠቅሟል፤ በእጅ ግምት ይዥጎረጎር የነበረው ጨርቅ ዛሬ አንድ ወጥ ይወጣል። እጅን መናቅ አይገባም፤ ብቻውን ዳኛ ማድረግ ግን ያስጠቃል።

"ዛሬስ ውሃው እንዴት ነው?" ይላታል አንዳንዴ ሲያጥባት።

"እኔ እንጃ" ትለዋለች እትዬ፣ አሁን መዋሸት ቀርቶላት።