ራሷን ያላመማት መምህርት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ አክስቴ ቢምላ… በዚህ ሰፈር እንደ እርስዎ ሻይ የሚያፈላ የለም። እውነቴን ነው! የኔ እናት ዝንጅብሉን ታበዛዋለች፣ ጎረቤታችን ካምሌሽ ደግሞ በወተቱ ትሰስታለች። የእርስዎ ግን ልክ ነው። ዝናቡስ ዘንድሮ ምን ነካው? የትምህርት ቤታችን ጣሪያ እያፈሰሰ፣ ልጆቹን ጃንጥላ አስይዤ ነው ግጥም የማስተምራቸው። ግን ግድ የለም፣ ይታደሳል ተብሏል። በድምፅ ማጉያ ነው የተባለው፣ ያውም ደጋግሞ… በድምፅ ማጉያ የተባለ ነገር ደግሞ መቼ ቀርቶ ያውቃል?

ደጃፋችሁ ላይ የተለጠፈውን አዲሱን ፖስተርም አየሁት። አምሮብኛል አይደል? እኔ እኮ ፎቶ አይወጣልኝም ነበር። ቢጫው ሳሪ ነው መሰለኝ ያሳመረኝ። ልጅዎም አምሮበታል፤ ትንሽ አፉ ሞልቶ ነበር እንጂ።

ኧረ ጣፋጩ ይቆየኝ… አሁንም ከባለ ወፍጮው የተላከ ነው? በየሳምንቱ? እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው! ያ ሁሉ መንደር እህሉን እሱ ዘንድ እያስፈጨ፣ እሱ ደግሞ ይህን ቤት አለመርሳቱ! ልጁንም ገበያ ላይ አየኋት፤ ረጋ ያለች፣ ዓይኗን የማታነሳ። ምነው አክስቴ? ስለ ጣፋጩ እኮ ነው የማወራው።

ከመጋረጃው ጀርባ የሚያስለው ልጅዎ ነው? ምስኪን! ቀኑን ሙሉ ሲናገር ውሎ ጉሮሮው ቢዘጋ ምን ይገርማል? ለብ ባለ ውሃ ጨው አድርጎ ይጉመጥመጥ። አይ፣ አይቀስቅሱት፤ ተኝቶ ይሆናል… ተኝቶ የሚያስል ሰው አለ። ደግሞም የማጫውትዎት ነገር እሱን አይመለከተውም። ስለ ሌላ ሰው ነው።

ለዓመታት አፍኜ የኖርኩት ነገር ነው። አፍሬ ነው። የሰው ምስጢር ነዋ! አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፣ መምህርት ናት። አዎ፣ እኔም መምህርት ነኝ፤ መምህርት ሞልቷል፣ አክስቴ። ከተማዋ ግን ሌላ ናት… ወንዝ ማዶ እንበል።

ልጅቷ ወንድም የላትም። ጓደኞቿ የራኪ በዓል ዕለት በወንድሞቻቸው እጅ ላይ ክር ሲያስሩ፣ እሷ ጓሮ ላለው የዘይቱን ዛፍ ታስር ነበር። ጣፋጭም ከሥሩ ታስቀምጥለታለች፤ ጉንዳን ይበላዋል። ዛፉም አላሳፈራትም፣ በየዓመቱ ፍሬ ይሰጣታል። ስንት ሰው አለ እሱን የማይሆን… ስንት ዛፍ ማለቴ ነው። እናትየው ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳት። «ይቺ ልጅ ስትዳር ሙሽራውን በር ላይ ቆሞ የሚቀበለው ማነው? በወንድም ወግ እጇ ላይ የሩዝ ፈንዲሻውን የሚያፈስላት ማነው? ዛፉን ነቅለን አንወስደው!» ትላለች። እርስዎም ሲሰሙ… የዚያች ከተማ ሰው ሁሉ ሲሰማ ኖሯል።

በዚያች ከተማ ደግሞ አንድ ሰው አለ። ስሙን አይጠይቁኝ። በየግድግዳው ተጽፎ እያለ ምን ያደርግልዎታል? ወንዝ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ ማለቴ ነው። ከልጅቷ ጋር የተዋወቁት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ለመንግሥት ሥራ ፈተና ያጠኑ ነበር። «ፈተናውን ልለፍና እናቴን እናንተ ቤት እልካለሁ» አላት። እሷም ዓይነ አፋር ናት፣ አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። ፈተናው ሳያልፈው ቀረ። ጥፋቱ የፈተናው ነው። ከዚያ «ሥራ ልያዝና» አለ። ከዚያ «ፓርቲው ውስጥ ቦታ ልያዝና»። ከዚያ «ለክልሉ ምክር ቤት ዕጩ ያድርጉኝና»። እንዴት ያለ ቃል አክባሪ ነው፣ አክስቴ! በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳን «አላገባሽም» ብሏት አያውቅም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀረው። ሌላው ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ቁርጡን ነግሮ ያሳዝናት ነበር። እሱ ግን ሰው ማሳዘን አይወድም።

ዕጩ ሆነ ሲባል ልጅቷ የደስታዋን ብዛት! ንግግሮቹን ማን የሚያቃናለት ይመስልዎታል? «ወገኖቼ» ሲል ድምፁን የት እንደሚያወርድ፣ «ትንሽ ታገሡ» ሲል ቀኝ እጁን እስከ የት እንደሚያነሳ፣ መስታወት ፊት አቁማ ያስተማረችው እሷ ናት። ከደረት በላይ፣ ከትከሻ በታች፣ መዳፍ ወደ ሕዝቡ። ቶሎ ገባው። እጁ ጎበዝ ነው።

ትሕትናውንማ አይጠይቁኝ! ለምርጫው ሲዞር የሽማግሌ እግር አይቶ አያልፍም፣ ጎንበስ ብሎ ይነካል። አንድ ቀን ቸኩሎ ኖሮ፣ ከጨርቅ ሱቁ ደጃፍ ሳሪ ለብሳ የቆመችውን አሻንጉሊት እግር ነክቶ «ይመርቁኝ፣ እማማ» አላት። ሰው ሳቀ። እኔ ግን… ልጅቷ ግን አልሳቀችም። መልስ የማትሰጥ ሴት ፊት መቆም ለምዷል፣ ምን ያድርግ? ደግሞ አንድ ቀን ገበያ መሃል ትልቅ ሚዛን ተከሉና እሱን በአንዱ ወገን፣ ላዱውን በሌላው ወገን አድርገው መዘኑት። ያ ሁሉ ጣፋጭ ተከምሮ ተከምሮ እሱን ሲያነሳው! ክብደት የለውም ሲሉት የነበሩ ሁሉ አፈሩ።

መፈክሩን ሰምተዋል? «የየቤቱ ልጅ፣ የየእህቱ ወንድም!» ሳያማክራት ብቻውን ያሰበው ነገር ይህ ብቻ ነው። እሷም አላረመችውም። ምኑ ይታረማል?

ከዚያ የራኪ በዓል ቀረበ። ሰውየው አንድ ነገር አሰበ። በሴቶች ትምህርት ቤት ግቢ መድረክ ይሠራና፣ የከተማው ሴት ሁሉ ተሰልፋ እጁ ላይ ክር ታስርለታለች፤ ከአንጓው እስከ ክርኑ ሲሞላ ፎቶ ይነሳል። ርእሰ መምህሯም «መምህራን ሁሉ ቢጫ ሳሪ ለብሳችሁ ከፊት ትሰለፋላችሁ» ብላ አዘዘች። የልጅቷ እናት በደስታ ቀዩን ክር ገዝታ መጣች። «ዘንድሮስ ለዛፍ አታስሪም፣ ልጄ። ወንድም መጣልሽ!»

ሰውየው ስለ አንዷ እህት ያሰበው በዋዜማው ነው። ወደ ማታ ላይ፣ ዝናብ እያካፋ፣ በጓሮ በር ተደብቆ መጣ። ማንም እንዳያየው ተጠንቅቋል፤ የያዘው ጃንጥላ ላይ ግን የራሱ ፎቶ አለበት፣ ከነስሙ፣ ከነመፈክሩ። ጥንቃቄው!

«ነገ አትምጪ» አላት።

«ለምን?»

«ሌሎቹ ሁሉ ክሩን ይሰሩልኝ። አንቺ ግን… ራሴን አሞኛል በዪ።»

«ራሴን እኮ አላመመኝም።»

«እስከ ነገ ያምሻላ! በሰው ፊት ካሰርሽልኝ ወንድምሽ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው። ኋላ እንዴት አድርጌ ላገባሽ ነው?»

ይህን ሲሰማ የማን ልብ አይቀልጥ፣ አክስቴ? ያገባኛል ማለት ነው! ልጅቷም ተስፋ አደረባት። «እንግዲያው ዛሬውኑ ለእናትህ ንገራቸው» አለችው። «ማለዳ እኛ ቤት ይምጡ። እኔም ራሴን ያመኛል፣ ሳምንት ሙሉ ያመኛል።»

«ዛሬ? አብደሻል? ምርጫው ይለፍ እንጂ! ያ ሰውዬ ልጁን ሊሰጠኝ አስቧል፣ ያ ሁሉ መንደር በእጁ ነው። እምቢ ብለው ድምፁ ሁሉ ሄደ። እሺም አላልኩት፣ እምቢም አላልኩት። እንዴት ነው ዘዴዬ?»

የዚያ ሰውዬ ሀብት ምን እንደሆነ አልነግርዎትም። የሸንኮራ መጭመቂያ አለው እንበል።

«ታዲያ ምን አልከው?» አለችው።

«እንዲህ ነዋ» አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ድምፁን አወረደ። «ትንሽ ይታገሡ፣ አባቴ። አንድ ነገር ብቻ ናት የቀረችኝ።» እጁንም አነሳ… ከደረት በላይ፣ ከትከሻ በታች፣ መዳፉን ወደ እሷ።

ልጅቷ እጁን አየችው። ልክ ነው። አንድ ጣት እንኳን አላዛነፈም። ከዚያ ዓይኗን እያየ «አንቺም ትንሽ ታገሺ» ሲላት፣ እጁ ገና አልወረደም ነበር።

ጎበዝ ተማሪ ያለው መምህር ምን ይሰማዋል? ደስ ይለዋላ! እሷም ደስ አላት። «እሺ» አለችው። «ጃንጥላህን አትርሳ።»

አሁንም ሳል… ማር ይስጡት፣ አክስቴ። ወይ ከዚህ ከባለ ወፍጮው ጣፋጭ ትንሽ፤ ጉሮሮ ያለሰልሳል። አይ፣ ሻይ ይበቃኛል፣ ጨርሻለሁ። ታሪኩም ሊያልቅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ተነሳች። ራሷን ነካ ነካ አደረገችው፤ አላመማትም። እንዲህ ቀልሏት አያውቅም። ታጥባ፣ ቢጫ ሳሪዋን ለብሳ፣ ቀዩን ክር ይዛ ተሰለፈች። ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የምትቆመው፣ ያን ቀን ከፊተኞቹ ጋር ቆመች። ተራዋ ደርሶ ሰውየው ሲያያት ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ግራ እጁን ወደ ኋላው ደበቀና ቀኙን እያሳየ «ክንዴ እኮ ሞላ፣ እህቶቼ፤ የቀራችሁት ሌላ ጊዜ…» አለ። ማይክ የያዘው አስተናባሪ መች ይለቃል! «ጌታዬ፣ ሌላኛው ክንድዎ ባዶ ነው! ለሕዝብ ያልተሰጠ ክንድ አለ እንዴ?» ብሎ ራሱ ጎትቶ አወጣለት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እናቷ ከታች ሆና «ልጄ ወንድም አገኘች! ወንድም አገኘች!» እያለች ስታለቅስ፣ ሴቶቹ ሁሉ አብረው አለቀሱ፣ አጨበጨቡ። እንዲህ ባለ ሰዓት ዕጩ ምን ይላል? «አንቺን እንኳ እህቴ አልልሽም» ይላል? ካሜራው ቆሟል፣ ሕዝቡ ቆሟል፣ ባለ መጭመቂያውም ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል።

ግንባሩ ላይ የበዓሉን ቀይ ምልክት አደረገችለት። ክሩን አሰረች፣ አጥብቃ። እንዳይፈታ ደግማ ቋጠረችው። ከዚያ ትልቁን ላዱ አንስታ አጎረሰችው፤ ፎቶውም ያኔ ነው የተነሳው። ደግ አስተናባሪ ነው፣ ማይኩን ወደ ልጅቷ አስጠጋላት። «ወንድምሽን መርቂው፣ እህቴ!»

በክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ግን ድምፄ… ድምፅዋ ማለቴ ነው፣ አልተንቀጠቀጠም። እጇንም ልክ በቦታው አነሳች። ልጅዎ እንቅልፉ ካልጠናበት መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ ያድርጉለት፣ አክስቴ፤ ምርቃት ነውና ለማንም ቢደርስ ክፋት የለውም። እንዲህ ነበር ያለችው፦

«ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ወንድሜ። ምክር ቤቱ በሩን ይክፈትልህ። ድምፅህ አይዘጋ፣ ክንድህ አይዛል። ሠርጌ ቀን አንተው በር ላይ ቆመህ ሙሽራዬን አቅፈህ ለመቀበል፣ እጄ ላይም የሩዝ ፈንዲሻውን በገዛ እጅህ ለማፍሰስ ያብቃህ። ቀኑ ሩቅ አይደለም፣ ወንድም ዓለም… አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ፣ እሱም አንተ ነበርክ። ትንሽ ታገሥ።»