አጎቴ አጎስቲኞ እና የነጻው ሳምንት

ጎበዝ፣ ትሪዎቻችሁን አስቀምጡና ቅረቡ! ከመርከባችን የወጡት እንግዶች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ማያሚ ላይ ተበትነዋል፤ የሚገቡት ደግሞ ገና ወደቡ በር ላይ ፀሐይ እየጠበሳቸው ነው። አለቃችን ሚስተር ድራጎስ አርባ ደቂቃ ፈቅደውልናል። ለሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግሎት አርባ ደቂቃ! እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ከዚህ በላይ ቢጨምሩልን እንሰክር ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን፣ አጎቴ አጎስቲኞ፣ እርስዎ ይቀመጡ። የለም፣ ወንበሩ ላይ! ጠረጴዛ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው፣ የራስዎ ጠረጴዛ። እስከ ዛሬ ከላይ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ እስቲ ዛሬ ከጎኑም ይዩት።

የመጡ ዕለት እኔ አልተወለድኩም። ስለዚህ የምናገረው ከምግብ አብሳያችን ከዊንስተን የሰማሁትን ነው። ዊንስተን ደግሞ ወሬ ላይም ወጥ ላይም ጨው አይሰስትም፤ እናንተ ቀንሳችሁ ስሙ።

አጎቴ አጎስቲኞ ኮላሶ ከሕንድ፣ ከጎዋ፣ ከቬሊም መንደር፣ ታላቅ ወንድማቸው የተዳረበትን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የደረቀ ዓሣና በቅመም የተዘፈዘፈ የማንጎ አቻር የሞላ ሻንጣ ይዘው መርከቡ ላይ ወጡ። የሠራተኞችን ደረጃ ሲፈልጉ የተሳሳተ በር ከፈቱ። ከበሩ ኋላ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ደጋግመው ለሚመጡ ደንበኞች የተዘጋጀው ግብዣ! ካፒቴኑ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ እጃቸውን ጨበጣቸውና «እንኳን ወደ ቤትዎ ተመለሱ!» አላቸው። እሳቸውም አዲስ አስተናጋጅ ሁሉ እንዲህ የሚቀበሉት መስሏቸው፣ «ጌታዬ፣ እናቴ እንዲህ እንደምከበር ብታውቅ አታለቅስም ነበር» አሉ። ደረታቸው ላይ የብር ዓርማ ተሰካላቸው። ሻምፓኝ ተቀዳላቸው። ፎቶ ተነሡ። አንዲት እመቤት ጠጋ ብላ፦

«ስንተኛ ጉዞዎ ነው?»

«የመጀመሪያዬ ነው፣ እሜቴ።»

«ለስንት ቀን ነው?»

«ለዘጠኝ ወር።»

እመቤቲቱ ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ «ዘጠኝ ወር! ይሄ ሰውዬ የነዳጅ ጉድጓድ ሳይኖረው አይቀርም» አለች አሉ። የተያዙት ሻንጣው መሽተት ሲጀምር ነው።

እንግዲህ ያ ቀን አጎቴ አጎስቲኞ እዚህ መርከብ ላይ እንግዳ የሆኑበት የመጀመሪያው ቀን ነው። የመጨረሻው እንዳይሆን ነው እኔ ዛሬ የቆምኩት። ይኸው ወረቀቱ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ከባለቤቱ ጋር አንድ ሳምንት በነጻ፣ እንደ እንግዳ፣ መስኮት ባለው ክፍል ይጓዛል። የተጓዦቹን ስምና አንድ ፊርማ ብቻ ነው የሚፈልገው። ፊርማው ግን የሚሠራው ሠራተኛው ከመርከብ ሳይወርድ ከተሰጠ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው አውቶቡስ አምስት ሰዓት ላይ ይነሣል። ሳይፈርሙ ከወረዱ ይሄ ወረቀት የለውዝ መጠቅለያ ነው።

ታዲያ ወር ሙሉ ለመንናቸው፤ እንቢ! ለምን ቢባሉ አንድ ቀን፣ «ሮይስተን፣ ነጻ የሚባል ነገር የለም። እኔ የነጻን ዋጋ ለሰው ሳነብብ የኖርኩ ሰው ነኝ» ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «እናንተ ላይ ታች ስትሉ እኔ እግሬን ዘርግቼ ልበላ? ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል» ይላሉ።

እውነት ለመናገር መቀመጥ አይችሉበትም። ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ወደብ ወርደን ታኮ የሚሉትን ጥቅልል ቂጣ ልጋብዝዎ ያልኩዎት ቀን ትዝ ይልዎታል? ገና የመጀመሪያውን ሳልጎርስ አጎቴ የሉም። ዞር ስል፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉ ሙሽሮች ፊት ሳህን እያነሡ፣ «ጨርሳችኋል? ጣፋጭ ላምጣ?» ይላሉ። ሙሽራው ገና ግማሹን አልበላም! የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። እኔ መሐል ገብቼ፣ «እማማ፣ ይቅር በይን፤ በሽታ ነው፤ አይተላለፍም» ብዬ ነው ያስጣልኳቸው። አሁንም እዩዋቸው! እጅዎን ከሹካው ላይ ያንሡ! ሹካው ቀጥ ብሏል!

የነጻውን ዋጋ ማንበቡን ግን ማንም አይክዳቸውም። የዚህን አዳራሽ ጥቅምና ጉዳት እንደሳቸው የሚያውቅ የለም። አንድ እንግዳ ይመጣና፣ «አንዴ ተከፍሎ የፈለጉትን ያህል የሚጠጡበትን የመጠጥ ጥቅል ልግዛ?» ይላቸዋል።

«በቀን ስንት ቢራ ይጠጣሉ?»

«ሁለት።»

«ዋጋው የአሥር ነው። ስምንቱን ለማን ነው የሚጠጡለት? ለዓሣ?»

ሌላው ይመጣል። «ላይኛው ፎቅ ያለው የሚከፈልበት ምግብ ቤት ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው። በጉ ግን ያው የዊንስተን በግ ነው። እዚህ ሲቀርብ ነጻ ነው፤ ሦስት ፎቅ ሲወጣ አርባ ዶላር ይሆናል። የሚከፍሉት የአሳንሰሩን ነው።»

ሚስተር ድራጎስ፣ ዛሬ አይናደዱ፤ ሰውዬው እየሄዱልዎት ነው። ደግሞ እርስዎም ያውቁታል፤ አምስት ዶላር እንዳይከስር የመከሩት ያ እንግዳ በዓመቱ አማቱን፣ የአማቱን እህትና ሦስት ጎረቤት አስከትሎ ተመልሶ መጥቷል። በር ላይ የሚጠይቁትም አንድ ነገር ነው፦ «ኮላሶ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ነው?»

ከነዚህ ሁሉ አንደኛዋ ወይዘሮ ሊንድኲስት ናቸው። ደጋግሞ ለሚመጣ ደንበኛ የሚሰጠው የአልማዝ ካርድ ባለቤት! እኚህ ሴት መርከብ ላይ ያደሩትን ሌሊት ሁሉ ይቆጥራሉ፤ ካርዱ የሚያስገኘውንም አንድ አያስቀሩም። የነጻ ካልሲ አጠባ፣ የነጻ አንድ ፎቶ፣ ትራስ ላይ ሁለት ቸኮሌት። አንድ ቀን ቸኮሌቱ አንድ ሆኖ ቢገኝ ክፍል አጽጂውን ልጅ አስጠርተው፣ «የዘጠኝ ዓመት ታማኝነቴን ግማሽ በላኸው» አሉት። ሎብስተር፣ ያ ውዱ የባሕር ምግብ፣ የሚቀርብበት ማታ ደግሞ ሦስተኛ ሳህን አዝዘው፣ «ልጄ፣ እየበላሁ አይምሰልህ፤ የቲኬቴን ዋጋ እያስመለስኩ ነው» ይሉኛል።

እንግዲህ አሁን ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ የያዝኩትን ነገር ልትፋው ነው። ሚስተር ድራጎስ፣ ወንበር ይያዙ።

እዚህ መርከብ ላይ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛው ወር ነበር። ወይዘሮ ሊንድኲስት፣ «በዚህ ሳምንት ዘጠኝ መቶኛ ሌሊቴን እደፍናለሁ፤ ምን አገኛለሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም እንደማያገኙ አውቃለሁ። ግን ምላሴን ታውቁታላችሁ፤ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሣው። ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «እሜቴ፣ ዘጠኝ መቶ ለሞላው ካፒቴኑ ወንበሩን ይለቅለትና ሾርባውን በገዛ እጁ ይቀዳለታል» አልኳቸው። ቀልድ መሆኑ የሚገባቸው መስሎኝ!

ካፒቴኑ በሚጋብዘው የክብር እራት ዕለት ወይዘሮዋ በሐር ቀሚስ መጡ፤ ቀጥ ብለው ካፒቴኑ ወንበር ላይ ቁጭ! ካፒቴኑ ሲደርስ ጭልፋውን ሰጡት። ስምንት የተጋበዙ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ካፒቴኑ ጨዋ ሰው ነው፤ ምን ያድርግ? ቀዳ! «ትንሽ ጨምርበት» አሉት። ጨመረ!

ከእራቱ በኋላ ሚስተር ድራጎስ፣ እዚሁ እዚህ ቦታ፣ ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ «ማነው ይሄን የነገራት?» ብለው ጮኹ። እኔ ምላሴ ያን ጊዜ የት እንደገባ አላውቅም። ከጎኔ አንድ ድምፅ፣ «እኔ ነኝ» አለ። አጎቴ አጎስቲኞ! «አንተ?» አሉ ሚስተር ድራጎስ። «እኔ ነኝ፤ ለማስደሰት ብዬ ነው፤ አጠፋሁ።»

በዚያ ሳምንት የምክትል ኃላፊነት ሹመት ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው ስም የማን እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በማግስቱ የአጎቴ ስም ተሰረዘ። እኛም በነጋታው፣ «ሽማግሌው አረጁ፤ ቀልድና ቁምነገር ተደባለቀባቸው» እያልን ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይሄን ስናገር አላፍርም ብዬ ነበር፤ አፈርኩ።

ዕቃ ማጠቢያው ጋ ጠብቄ፣ «ለምን?» አልኳቸው። ያሉኝን ቃል በቃል ልንገራችሁ፦ «አንተን ቢይዙህ ነገ ማያሚ ላይ ያወርዱሃል። እናትህ ለመንገድህ የተበደረችውን ገና አልከፈልክም። እኔን አያወርዱኝም። ሹመቱ ቢቀር ምን ይቀርብኛል? ጥቁር ጃኬት ነው፤ በዚህ ሙቀት!» ቀጥለው፣ «ደግሞ ቀልድህ መጥፎ አልነበረም፤ ሾርባው ላይ ግን ክሬም ማለት ነበረብህ፤ ሴትዮዋ ክሬም ይወዳሉ» አሉኝ።

ስለዚህ ሚስተር ድራጎስ፣ እኔ ነኝ። ውሌ ሦስት ወር ይቀረዋል፤ ካባረሩኝ አስቀድመው ይንገሩኝ፣ ልብሴን ላጥብ። አጎቴ፣ እርስዎን ደግሞ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ ብዬዎት አላውቅም። ባሾፍብዎት የሚያልፍልኝ መስሎኝ ነበር። አመሰግናለሁ። ይኸው አልኩ። ከዚህ በላይ ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም፤ እሱንም ስምንተኛ ላይ ትቼዋለሁ።

ቆይ፣ አይነሡ! ገና አልጨረስኩም። አለቅሳለሁ ብለውም ከሆነ እዚያው ተቀምጠው ያልቅሱ።

ባለፈው ሳምንት ቬሊም ደውዬ ነበር። አዎ፣ ለአክስቴ ፒዬዳዴ፣ ለሚስትዎ። ቁጥሩን ከየት አመጣኸው አይበሉኝ፤ የስልክዎ መክፈቻ ቁጥር የልደትዎ ቀን ነው፤ ሌባ እንኳ ያፍራል። «አክስቴ፣ ባለቤትዎ ነጻውን ሳምንት እንቢ ብለዋል» አልኳቸው።

«ይበል። እኔ ምን ቸገረኝ? ሎብስተር ቬሊም ጠፍቶ ነው?» አሉ።

«ታዲያ ይቅር?»

ያን ጊዜ እውነቱን አወጡት፦ «ልጄ፣ እኔ ምግቡን አይደለም የምፈልገው። የት ጋ እንደሚቆም ማየት ነው የምፈልገው። ሁለቱ ልጆቼ ሲወለዱ፣ እናቴ ስትሞት፣ ዝናብ ጣራውን ሲያወርደው፣ ‹አሁን የት ቆሞ ይሆን?› እላለሁ። በሐሳቤ የሠራሁት አዳራሽ አለ። መጋረጃው ሰማያዊ ነው። እሱ ከበሩ በስተግራ ይቆማል። ልክ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ልሙት?»

መጋረጃው ቀይ ነው፣ ጎበዝ። አጎቴ የሚቆሙትም በስተቀኝ ነው። አልነገርኳቸውም። እኔም እንኳ አንዳንዴ ዝም ማለት እችላለሁ።

ሂሳብ አልወድም፤ ይሄን ግን ሠራሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ነው። በዓመት ዘጠኝ ወር ባሕር ላይ፣ አንዳንዴም ዐሥር። አክስቴ ፒዬዳዴ ያለ ባል ያደሩት ከስምንት ሺህ ሌሊት በላይ ነው። ወይዘሮ ሊንድኲስት ለስላሳ ፍራሽ ላይ ዘጠኝ መቶ ቢተኙ አልማዝ ሰጠናቸው፣ ካልሲ አጠብንላቸው፣ ካፒቴኑን ሾርባ አስቀዳነው። ለስምንት ሺህ ምን ዓይነት ካርድ ነው የሚሰጠው? ከአልማዝ በላይ ምን አለ? እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

አጎቴ፣ እርስዎ፣ «ነጻ የሚባል ነገር የለም» ይላሉ። ልክ ነዎት! ይሄ ሳምንት ነጻ አይደለም። ተከፍሎበታል። የከፈሉት ደግሞ እርስዎ አይደሉም። ሰው የከፈለበትን ነገር «አልፈልግም» ብሎ የሚመልስ አስተናጋጅ የት አገር አለ? እንግዳ የከፈለበትን ሳህን ወደ ጓዳ መልሰው ያውቃሉ? ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ «የተከፈለበትን ትኩስ አድርገህ አቅርብ» ያሉኝ?

በዚያ ሳምንት እርስዎንና አክስቴን የማስተናግደው እኔ ነኝ። ሾርባ አፈስሳለሁ፤ ከአሁኑ ይወቁት። እርስዎ ልጥረግ ብለው ሲነሡ አክስቴ እጅጌዎን ይይዙልኛል፤ ተነጋግረናል።

ምን አሉ? ... ጮክ ይበሉ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። እስክሪብቶ? ዊንስተን፣ እስክሪብቶ! አንተ፣ ጭልፋውን ሳይሆን መጻፊያውን! እሺ፣ ሚስተር ድራጎስ ይስጡ። ወርቅማ እስክሪብቶ! ኧረ የዛሬው ጉድ!

ዝም በሉ፤ እየጻፉ ነው።

... ጨረሱ? አምጡት፣ ላንብበው። ዊንስተን፣ አትግፋኝ። «ዋና እንግዳ፦ ፒዬዳዴ ኮላሶ።» ከሥሩ፣ «አጃቢ፦ ባሏ።»

ባሏ! ከታች ፈርመዋል፤ እዚህ ግን ስማቸውን እንኳ አልጻፉም!

በሉ፣ ስኒዎቻችሁን አንሡ። ውስጡ ያለው ከቬሊም የመጣ የካጁ ፍሬ አረቄ ነው፤ ሚስተር ድራጎስ፣ ሻይ ነው፣ ይቅመሱት። ሁላችሁም ብድግ በሉ። እርስዎ ግን እንዳሉ ይቀመጡ፣ አጎቴ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆመውልናል፣ አሁን ተራው የእኛ ነው። ጉልበትዎ ይበርታ፣ የቬሊም ጣራ አይፍሰስ፣ ልጆችዎ ይባረኩ፣ የብስ ላይ ሲተኙ አልጋው አልወዛወዝ ብሎ እንቅልፍ አይንሳዎት።

ለዋናዋ እንግዳ! ለባሏም! ጤና ይስጥልን!