በስልክ የሄደ እሹሩሩ

የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ መንገድ ላይ የሰማሽውን አጫውችን» ብለው ያዙኝ፤ እኔም ከዓመታት በፊት ከወገዳ ከተማ በሚኒባስ ስወጣ የሰማሁትን ነገርኋቸው። ከፊቴ አንዲት ሕፃን ያቀፈች ወጣትና የማታውቃት አንዲት ባልቴት ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነው በደህና?» አለች ባልቴቷ።

«ባሌ ዘንድ፣ ጀርመን። እዚያ ሥራ አግኝቻለሁ።»

«ይችንስ ማን ይይዝልሻል?»

«የሕፃናት ማቆያ አለ፣ እማማ። በስንት ልመና ቦታ አገኘሁ። የመጀመሪያው ወር ለሙከራ ነው፤ ካልለመደች ሥራዬም ይቀራል።»

«ታዲያ ምኑ አስፈራሽ?»

«እንቅልፏ። ቀን ቀን ሁሉንም በየፍራሻቸው ያስተኟቸዋል። ይች ደግሞ ካልታዘለች አትተኛም።»

«አያዝሉም እንዴ?»

«አያዝሉም።»

«ጀርባቸው ምን ሆኖ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እናትየዋም ሳቀች፤ ዓይኗን ግን ጠረገች።

«አጋድሜ እሹሩሩ ስላት ታለቅሳለች። ድምፄ ፈርቶ ይሆናል።»

«አምጫት ወዲህ። ስልክሽ ድምፅ ይይዝ የለ? ክፈችው። አንተ ሹፌር፣ ዘፈኑን ዝጋው!»

«እሺ እማማ፣ እኔንም እንዳያስተኙኝ ብቻ!»

ባልቴቷ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ አንጥፋ ልጅቷን አጋደመቻት፤ ደረቷን በመዳፏ ቸብ ቸብ እያደረገች እሹሩሩ አለችላት። ልጅቷ ሳትታዘል ተኛች።

«ይኸው! እዚያ ላሉት ሞግዚቶች ይህን አሰሚያቸው።»

እኔ ዝም ያልሁ ነበር የመሰለኝ፤ ከዓመታት በኋላ እናትየዋ ልጇን ይዛ ለጥምቀት በዓል ወገዳ መጥታ፣ አግኝታኝ ያንን ድምፅ ስታሰማኝ ነው፣ ከባልቴቷ ድምፅ ሥር የኔም እንጉርጉሮ እንዳለበት ያወቅሁት።