ሳይገነባ የቀረው ላቦራቶሪ

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው እያልኩ ልጆቼን ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ያን ጠዋት ግን በስደት በምኖርበት አገር፣ ከካላክላ ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው ሃፍላ፣ በሕዝብ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡትን ሁለት የኮምፒውተር ሠራተኞች አዳመጥኩ።

«የክሊኒኩን ፕሮግራም የጋራ ክፍል የለወጥከው አንተ ነህ?» አለ ጎልማሳው።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ወጣቱ።

«የምዝገባውም የላቦራቶሪውም ፕሮግራም በእሱ ላይ እንደቆሙ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እሱ ሲለወጥ ኮምፒውተሩ በእሱ ላይ የተደገፉትን ሁሉ ራሱ እንደገና እንዲገነባ አላደረግንም?»

«ብዙ ሰዓት ይፈጃል። መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ብዬ ራሱ እንዲገነባ የሚያዘውን አጠፋሁትና ምዝገባውን ብቻ ገነባሁ።»

«ጎበዝ! መብራቱስ ሄደ?»

«አልሄደም።»

«ያልገነባኸው ላቦራቶሪ ግን ትናንት ቀኑን ሙሉ ቆመ። በሽተኛው በር ላይ ተሰልፎ ዋለ።»

ወጣቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ ጥፋተኛዋ ዘይነብ ናት ብሏል። የላቦራቶሪውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ስለሆነች።»

«ሰምቻለሁ።»

«ዛሬ ካባረራት ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ተሰርዞ ከአገር ትወጣለች።»

«ብናገር የሚባረረው እኔ ነኝ። የእኔም ኢቃማ በዚሁ ሥራ ነው።»

«ወላሂ፣ እኔ አልናገርብህም። ግን ዛሬ ዘይነብን ሰላም ስትላት የት ታያለህ?»

ሃፍላው ድልድዩን አለፈ።

«ጋሼ፣ ሙዲሩ ጋ አብረውኝ ይገባሉ?»

«እገባለሁ። የምትናገረው ግን አንተ ነህ።»

ምክር አጥሮኝ የማያውቅ እኔ፣ እነሱን ሳዳምጥ መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ ሄድኩ።