ቀይ ስር ነው፣ አባባ

ለቤተሰቡ በሙሉ፣ ግድግዳ ለምትጋራው ጎረቤትም ጭምር ይታወቅ ዘንድ፦ ስልክ ጮኸ።

የጮኸው የእታለም ስልክ ነው። «እታለም» ብሎ የሚጠራት ይኸው የደወለላት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እሷ ደግሞ በአጸፋው «ሊቁ» ትለዋለች፣ ሌላ ከተማ ተቀምጦ ሁሉን ነገር አንብቦ ስለሚደውል። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው። አባታቸው፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘግተዋል። እታለም ቀይ ስር የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሳችው።

— ሄሎ... ሄሎ! አቤት ሊቁ... ደህና ነኝ፣ አንተስ?... ቆይ ይቆራረጣል፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ... አሁንስ? ትሰማኛለህ?... እሺ።

— አሁን ከሐኪሙ ዘንድ መመለሴ ነው። አዎ፣ ወጥቷል ውጤቱ... ያው እንደ ፈራነው ነው።

— አይደለም፣ ካንሰር መሆኑንማ ድሮ እናውቃለን። ይኼኛው ሌላ ነው። ያኔ ከአባባ የሽንት ፊኛ ቆንጥረው የወሰዱት ሥጋ የለም?... እሱን። የዕጢውን ጂን ነው የመረመሩት። ጠባዩን በለው። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ አንዳንዱ ዕጢ እንደ ነዝናዛ ጎረቤት ነው አለኝ፤ ቢያባርሩት ተመልሶ ይመጣል፣ ግን ከደጅ አያልፍም። እየፋቁለት ሰውየው ከነፊኛው ያረጃል። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ግድግዳ ይሰረስራል። ጂኑ ላይ ምልክት አለው፣ በሱ ይለያል። የአባባ ምልክት... የሁለተኛው ነው።

— ሄሎ?... አለህ?...

— ከምን መጣ? እኔ ምን አውቃለሁ። «ያጨሱ ነበር ወይ?» አለኝ። «ሹፌር ነበሩ» አልኩት። ገባው።

— ምን አልከኝ?... «ወደ እኛ ይተላለፋል ወይ?»

እታለም ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና እንደ ተበላሸ ዕቃ ገልብጣ አየችው። ከዚያ መልሳ ለጠፈችው።

— አይተላለፍም፣ ወንድምዓለም። ጠይቄልሃለሁ። ለውጡ ዕጢው ላይ ብቻ ያለ ነው እንጂ የሚወረስ አይደለም ብሏል። እንኳን ደስ አለህ... ምን አጠፋሁ? እንኳን ደስ አለህ ነው ያልኩት። እኔማ «ምርመራው ይደረግ፣ ይደረግ» እያልክ መቆሚያ መቀመጫ ስታሳጣኝ፣ ለአባቱ እንዴት ቢጨነቅ ነው እል ነበር... እሺ፣ እሺ። ለሁለታችሁም ተጨንቀህ ነው። በቅደም ተከተል።

— ስንት መቶኛ?... እሱን ብጠይቀው «ምልክቱ ስለ ብዙ ሕመምተኛ ይናገራል እንጂ ስለ አንድ ሰው አይምልም» አለኝ... ተው እንጂ ሊቁ! አንተ ጋ ያለው ያነበብከው ነው፤ እዚህ የተኙት አባትህ ናቸው። ሐኪሙ አፍ አውጥቶ የተናገረው ይኼን ነው፦ እየፋቁ መጠበቅ አያዋጣም፣ ፊኛው ቶሎ ይውጣ። ነገ ጠዋት እሺ ካሉ አልጋ ይይዝላቸዋል። ካላሉ ወረፋው ለሌላ ሰው ያልፋል። ዕጢው ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም።

— ማን ነው እሺ የሚለው? አባባ ናቸዋ! ፊኛው የማን ሆነና!

ሶፋው ላይ ባለቤቷ ኳስ እያየ ነበር። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀስ በቀስ ቀንሶ ቀንሶ፣ አሁን ተጫዋቾቹ እንደ ዓሣ አፋቸውን ብቻ ይከፍታሉ።

— አንተ ሰውዬ፣ እኔን የምታዳምጥ ከሆነ ጨርሰህ ዝጋው እንጂ! መብራት ይቆጥራል... ላንተ አይደለም ሊቁ፣ ለአማችህ ነው።

— ተኝተዋል፣ በራቸው ዝግ ነው... አያውቁም። ከየት ያውቃሉ? ሆስፒታል የምናመላልሳቸውን «ለጠጠር ነው» ብለናቸዋል፤ ሽንታቸው ለቀላው ደግሞ «ቀይ ስር ነው»። ጠጠሩ ያንተ ሐሳብ ነው። ቀይ ስሩ የኔ ነው፣ አልክድም። ያን ዕለት ከመጸዳጃ ቤት ሲጣሩ ሮጬ ብገባ... ቀይ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። «አባባ፣ ትናንት ቀይ ስር በልተው እኮ ነው» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «እንዴ፣ እውነትሽን ነው» ብለው ውኃ ለቀቁበት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት ቀይ ስር ጠፍቶ አያውቅም። ውሸትም ይቀለባል ለካ። በየቀኑ!

— ሳቅ፣ ሳቅ! አማችህ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ሲበላ ሰንብቶ፣ አንድ ጠዋት የራሱ ሽንት ቀልቶ ቢያይ ኑዛዜ ሊጽፍ ነበር። — አንተዬ፣ ዋሸሁ? «እስክሪብቶ አምጪ» አላልክም? — ይኸው አንገቱን ደፋ።

— አባባማ ይበላሉ እንጂ! ሳህኑን ጥርግ አድርገው ነው የሚመልሱልኝ። ከተፈጨ ሥጋ ጋር ነው የምሠራላቸው። እዚያው መኝታ ቤታቸው፣ መስኮቱ ስር ቁጭ ብለው ነው የሚበሉት። «እጅሽ ይባረክ» ይሉኛል። አንዳንዴማ ሳልጠይቃቸው «ዛሬም ቀልቷል ልጄ፤ ያው ቀይ ስሩ ነው» ብለው ራሳቸው ይነግሩኛል... ለምን ደስ ይለኛል? ያስፈራኛል እንጂ። አባባ እኮ ከኋላ ማን እንደተጣላ፣ ማን ሳይከፍል እንደተቀመጠ፣ ማን አንገቱን ደፍቶ እንደሚያለቅስ፣ ሳይዞሩ በመስታወት ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

— እ?... ድገመው እስቲ... «የጠጠር ኦፕራሲዮን ነው በያቸውና ይፈርሙ»?

— ሊቁ። ስማኝ። ሰውየው ከሰመመን ሲነቁ ሆዳቸው ላይ የሽንት ከረጢት ተለጥፎ ሊያገኙ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ሊዞሩ ነው። ያኔ ምን ልበላቸው? «አባባ፣ ጠጠሩ ትልቅ ነበር» ልበል? ወይስ ከረጢቱ በቀላ ቁጥር ቀይ ስር ልክተፍ?

— ልባቸው አይችልም?... እማማ ስትታመም ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዘዋት የዞሩት ማን ነበሩ? አንተ ፈተና አለብኝ ብለህ፣ እኔ አራስ ነኝ ብዬ። ያኔ ልባቸው ቻለ። ዛሬ ነው የማይችለው?

— ታዲያ አንተ ንገራቸዋ! ልቀስቅሳቸውና ልስጥህ?... እ፣ ስብሰባ አለህ። ምን ዓይነት ስብሰባ ነው፣ አባባ ሊነሡ ሲሉ የሚጀመር?

— «ብቻ ይፈርሙ፣ በኋላ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን»...

እታለም ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። እውነት ለመናገር ነገሩ ቀልሎ ታያት። ነገ ጠዋት አንዲት ፊርማ፤ ቀሪውን ሐኪሙ ይጨርሰዋል። «በኋላ» የሚባለው ቀን ደግሞ ሰውን አስቸኩሎ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ በአራት ማዕዘን የተከተፈውን ቀይ ስር አየችው። ድስቱ መጣድ ነበረበት።

— እሺ... እሺ በቃ። ጠጠር ነው እላቸዋለሁ። ግን የመጨረሻዬ ነው፣ ከዚህ ወዲያ... ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው። — አንተዬ፣ ክፈት እስቲ! — ጎረቤታችን ናት፣ ባለውሻዋ። ምን ሆና ነው እንዲህ የምትጮኸው... ሊቁ ትንሽ ታገሠኝ፣ ውሻዬ ደም ተፋ እያለች ነው። ያ ነጩ፣ ጥጥ የምንለው... አይ፣ መኪና አይደለም፤ እዚሁ ከአባባ መስኮት ሥር ነው ያገኘችው። ሰሞኑን ጢሙ ሲቀላ ተጣልቶ የቆሰለ እየመሰላት ታጥበው ነበር አሉ። ዛሬ ግን... ምን?... ሽንቱም ቀልቷል እያለች ነው።

— ሂድ እይላት እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!... ይኸው፣ ተሸክሞት መጣ። ሰውዬ ምንጣፉን፣ ምንጣፉን!... እንዴ፣ ጭራውን ይቆላል? የሚሞት ውሻ ጭራውን ይቆላል?... ወፍሯል ደግሞ!

ባለቤቷ የውሻውን ጢም በጣቱ ጠረገና አሸተተው። አላመነም፤ ደግሞ አሸተተው። ከጢሙ መካከል አንዲት ቁራጭ አወጣ፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ አራት ማዕዘን። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክትፍ አየ፣ እታለምን አየ፣ ከዚያ የተዘጋውን በር አየ። የምታወራው ጎረቤቷ ብቻ ነበረች፣ ስለ እንስሳት ሐኪም።

— ...አለሁ... አለሁ ሊቁ፣ አልተቋረጠም።

— ምንም። ውሻው ደህና ነው... ደም አይደለም።

— ቀይ ስር ነው።

— አትሳቅ... አትሳቅ ነው የምልህ! ሳህኑን ጥርግ አድርገው ይመልሳሉ አላልኩህም?... አዎ። በመስኮቱ... አንድ ማንኪያ እንኳ አልቀመሱም ማለት ነው። ሳይቀምሱት ደግሞ ሽንታቸው በየቀኑ... አዎ... አዎ፣ ያውቃሉ። ካወቁ ስንት ጊዜያቸው እንደሆነ እንጃ።

— «ያው ቀይ ስሩ ነው» ሲሉኝ እኮ... እኔን እያባበሉኝ ነበር።

ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሲዘጋ ተሰማ። ቀጥሎ የአልጋው ሽቦ ሲጥጥ አለ። ባለቤቷ ውሻውን ለጎረቤቷ አስታቅፎ፣ ክርኗን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ መራት።

— ተነሥተዋል... አይ፣ ጠጠር አልልም... አልልም አልኩህ! ነገ ጠዋት ሐኪሙ ይጠብቃቸዋል፤ ይውጣም ይቆይም የሚሉት እሳቸው ናቸው... የሚሉኝን ማታ እነግርሃለሁ... ምነው፣ ስብሰባህ ቀረ እንዴ?... እንግዲያው ቁጭ በልና ጠብቅ።

— ዝጋው አሁን፣ ልገባ ነው... ምን ይዤ?... ምንም። ዛሬ ሳህን አልያዝኩም።

ስልኩን ዘግታ ከክትፉ አጠገብ አስቀመጠችውና በሩን አንኳኳች።