እጀ ሰማያዊ ስለ ወንዙ ከወንድሙ ልጅ ጋር የተከራከረው

ወንዙ ከድልድዩ በታች በሚጠማዘዝበት ስፍራ፣ ሥራ የሚያውቅ ሁሉ የሚያከብረው አንድ ሽማግሌ ጨርቅ ነካሪ ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጣቶቹ ቀለም ስለ ጠጡ ጎረቤቶቹ «እጀ ሰማያዊ» ይሉታል። እሱ የነከረው ጨርቅ ያልቃል እንጂ ቀለሙ አይለቅም።

አንድ ማለዳ የቀለም እጣቢ የሞላበት በርሜል በጋሪ እየገፋ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ የሟች ወንድሙን ልጅ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆማ አገኛት። ልጅቱ ተምራ በከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሆናለች፤ በትናንሽ ጠርሙሶች ውሃ ትቀዳ ነበር። እሱ ወደዚያ መላኳን አልሰማም፤ እሷም በዚያ ሰዓት ይወርዳል ብላ አልጠበቀችም። ከውሃው ወጥታ እጇን አደራረቀችና ጎንበስ ብላ ጤንነቱን ጠየቀችው።

«መሥሪያ ቤታችሁ ውሃ ጠፋ እንዴ፣ ልጄ?» አላት እየሳቀ።

እሷም ስቃ፣ ወንዙ ከምንጩ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ድረስ እየተመረመረ መሆኑን ነገረችው። ዓይኗ ግን በርሜሉ ላይ አረፈ። እሱም ይህን አስተዋለና ያሰበችውን ሆዷ ውስጥ እንዳታስቀር አዘዛት።

«እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው እንጂ፣ ጋሼ፣ እጣቢውን እዚህ ባይደፉት ደስ ይለኛል» አለችው።

አልተቆጣም። ክርክር የሚወድ ሰው ነበርና ጋሪውን አቁሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አባቱም አያቱም እዚሁ ሲደፉ እንደኖሩ፣ ያኔም ወንዙ ዓሣ እንደ ነበረው፣ ውሃ ደግሞ ሂያጅ ስለሆነ የሰጡትን ይዞ እንደሚሄድ አስረዳት። ከተማው በሙሉ የሚደፋውን ትቶ አንድ ሽማግሌ ላይ መነሣት ፍርደ ገምድልነት ነው ሲልም ጨመረ። እሷ ሳታቋርጠው አዳመጠች። መማር ማለት አፍ መፍታት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የዚህች ልጅ ግን ጆሮዋም የተማረ ነበር።

«እውነትዎን ነው፣ አያቴም ይደፉ ነበር። ግን እሳቸው የሚነክሩት በሥርና በቅጠል ነበር። ዛሬ እርስዎ የሚነክሩት በፋብሪካ ዱቄት ነው። ወንዙም ያኔ የነበረው ወንዝ አይደለም።»

«ምን ሆነ ወንዙ?»

«አፈሩን አስፋልትና ሲሚንቶ አለበስነው። ድሮ መሬቱ ክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ እያለ ለወንዙ ይመልስለት ነበር። አሁን ዝናቡ ጎርፍ ሆኖ በአንድ ጊዜ ያልፋል፤ በበጋ የሚቀረው ይኸው የሚያዩት ነው። ያ ሙሉ ወንዝ የቻለውን ሸክም ይህ በሽተኛ አይችለውም።»

«እንግዲያው ቤቴን ልዝጋ?»

«እንደ እርስዎ ያለ እጅ ከተማችን ከየት ታገኛለች? ይዝጉ አላልኩም።»

ከማቅለሚያ ቤቱ ጀርባ ሦስት ገንዳ እንዲሠራ መከረችው። በመጀመሪያው ዝቃጩ ይረጋል፤ በሁለተኛው ውሃው በጠጠርና በአሸዋ ያልፋል፤ በሦስተኛው ቄጠማና ደንገል ተተክሎ ሥሩ የቀረውን ያጣራል። የጠራው ውሃ ተመልሶ ጨርቅ ያጥባል፤ የጣሪያው ዝናብም ይጠራቀማል።

«ቄጠማ ቀለም ሲያጥብ አይቼ አላውቅም» አለና ተነሣ።

ይሁን እንጂ እጣቢውን እሷ ፊት መድፋት አፈረና ጋሪውን እዚያው ተወው። እሷ ወደ ታች፣ ታላቅ እህቱ በከተማው ዳር አትክልት ወደምታለማበት ትሄድ ነበርና አብሯት ወረደ። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው ይህች እህቱ ናት፤ ካያት ቆይቷል።

ሲደርሱ ከሩቅ ጉድጓድ ጀሪካን ተሸክማ ስትመለስ አገኟት። ወንዙ ግን ከአጥሯ ሥር ይፈሳል። ሸክሙን ተቀብሏት፣ ደጇ ላይ ውሃ እያለ ምን እንደሚያደክማት ጠየቃት። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው ብላ ልትሸሸው ሞከረች። እሱ ግን በወንዙ ዳር ያለው መደብ ባዶ መሆኑን፣ የጎመኑም ጫፍ ቢጫ መሆኑን አይቶ ነበርና አልለቀቃትም።

«ካስጨነቅኸኝ እንግዲህ» አለችው፣ «ቀይ የነከርህ ዕለት ውሃው ቀይ ሆኖ ይመጣል፤ ሰማያዊ የነከርህ ዕለት ሰማያዊ። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ወንድሜ ዛሬም ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው እል ነበር። በኋላ አትክልቱ እምቢ አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«ባሳደግሁት ልጅ ሥራ ላይ እንዴት አፌን ልክፈት?»

ሽማግሌው ወደ ወንድሙ ልጅ ዞረ። ዓይኗን ሰበረች። ነገሩን ቀድማ ታውቅ ኖሯል፤ ነገር ግን በክርክሩ ልትረታው የእህቱን ገመና አላነሣችም። ይህ ጨዋነቷ ከንግግሯ ሁሉ ይልቅ ልቡን ነካው። በመልሱ መንገድ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ፣

«ልጄ፣ የመጀመሪያው ገንዳ ምን ያህል ይጠልቃል?» አላት።

ሥራው በአንድ ጊዜ አልሰመረም። የመጀመሪያው ዝናብ ገንዳዎቹን አጥለቅልቆ ቄጠማውን ነቀለ። ጎረቤቱ ቆዳ ፋቂ «እጀ ሰማያዊ ለእንቁራሪት ቤት ሠራላት» እያለ አሳቀበት። ልጅቱ ጥፋቱ የእሷ ልኬት መሆኑን ሳትደብቅ ተናገረች፤ ገንዳውን አሰፉ፣ ለጎርፉም ማለፊያ ቦይ ቀደዱለት። እሱም በበኩሉ ለየጨርቁ የሚበቃውን ብቻ መበጥበጥ ጀመረ፤ የሚተርፈው ቀለም እጅግ አነሰ።

ውሎ አድሮ የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ የሌሎቹ ሥራ ሲቆም የእሱ አልቆመም። የእህቱም ባዶ መደብ ካሮት አበቀለ። ያን ጊዜ ቆዳ ፋቂውንና መኪና አጣቢውን ጠርቶ እንዲህ ሲል መከራቸው፦ ወንዝ የሚጠበቀው ለወንዙ ሲባል ብቻ አይደለም፤ ያላቆሸሹት ውሃ ደጋግሞ ያገለግላል፤ መሬት የጠጣው ዝናብ ጉድጓድ ይሞላል፣ ጎርፍም ያበርዳል፤ ዓሣው የሚኖርበትን ውሃ የታችኛው ሰፈር ልጅ ሳይፈራ ይዋኝበታል። ሲስቅ የነበረው ቆዳ ፋቂ መቆፈሪያ ከእሱ ተዋሰ።

ከዓመታት በኋላ ልጅቱ ከማቅለሚያ ቤቱ በታች አንድ ድንጋይ ገልብጣ፣ የአሸዋ ቅንጣት አጣብቃ ቤት የሠራች ትንሽ የውሃ ትል አሳየችው። ንጹሕ ውሃ ካላገኘች የማትኖር ናት፤ በዚያ ስፍራ ከዚያ በፊት ታይታ አታውቅም። ስሟን ጠየቃት። ምሁራን ያወጡላት ረጅም ስም እንዳለ፣ በእኛ ቋንቋ ግን እስካሁን እንዳላገኘችላት ነገረችው።

«ቤቷን በእጇ የሠራች ስም ማጣት የለባትም» አለ። «ግንበኛ በያት።»

ከዚያም ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰ። በዚያ ወንዝ ዳር ሰው እጣቢ ይዞ ሲወርድ ካዩ ዛሬም የሚሉት «ግንበኛዋ ቤት አለች» ነው።